ስልኩን ከመንካታችሁ በፊት

በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች አዲስ አበባ ውስጥ ታሰሩ። በአዋጅ ቁጥር 652/2001 በሽብር ሲከሰሱ ከተጠቀሱባቸው ነገሮች አንዱ የዲጂታል ደህንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» የተባለው፣ ማንም ከኢንተርኔት አውርዶ የሚያነበው መመሪያ የክስ ወረቀት ላይ ሰፈረ። ከፊሎቹ ከዓመት በላይ ታስረው በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ፤ የቀሩት ከሽብር ክሱ ነፃ የተባሉት በጥቅምት 2008 ነው።

ስጋት ላይ ላለ ሰው የደህንነት እገዛ የምንሰጥ ሰዎች ይህን ጉዳይ በየጊዜው ማንሳት አለብን ብዬ አምናለሁ። ሥልጠናው መጥፎ አልነበረም፤ ሰዎቹም ጥፋት አልሠሩም። ግን ለመጠበቅ ተብሎ የተሰጠ ነገር ተመልሶ የተጠባቂው ማስረጃ ሆነ። አብዛኞቻችን ከኮምፒዩተር ሙያ የመጣን ስለሆንን ችግር ስናይ መጠገን ይቀናናል። እዚህ ሥራ ላይ ግን ጥገናው ራሱ ሰው ያስደበድባል፣ ያሳስራል። ስለዚህ ከማንኛውም አፕና ሴቲንግ በፊት የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ እኔ ይህን ብሠራ ባለጉዳዬ ላይ ምን ይመጣበታል?

ከሥልጠናው ልጀምር። ትልቁ አደጋ ያለው የስም ዝርዝሩ ላይ ነው። የአበል መፈረሚያ ወረቀት ላይ ሙሉ ስም፣ የሚሠሩበት ድርጅት፣ ስልክ ቁጥርና ፊርማ በአንድ ገጽ ይሰፍራሉ። ወረቀቱ ከአዳራሹ ወደ ሒሳብ ክፍል፣ ከዚያ ወደ ኦዲተር፣ ከዚያ ስካን ተደርጎ ወደ ለጋሹ ይሄዳል። ከአራትና ከአምስት ሰው በላይ እጅ የገባ ዝርዝር ተጠብቋል ማለት አይቻልም። ከለጋሹ ጋር ውል ሲፈረም ነው መነጋገር ያለባችሁ፤ ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ጊዜው አልፏል። ብዙዎቹ ለጋሾች አስቀድሞ ከተነገራቸው ስም የሌለበት፣ የተሳታፊ ብዛት ብቻ ያለበትና በአንድ ኃላፊ ፊርማ የተረጋገጠ ሰነድ ይቀበላሉ። የቡድን ፎቶ፣ ባነር፣ ቲሸርትና የምስክር ወረቀት ይቅሩ። የታተመ መመሪያ ይዞ የሚወጣ ሰው አይኑር፤ ማስታወስ ያለበት ነገር ከአንድ ገጽ ከበዛ ሥልጠናው በዝቶበታል ማለት ነው።

ወደ ግለሰብ ባለጉዳይ ስንመጣ ጥንቃቄው የሚጀምረው ከመጀመሪያው ግንኙነት ነው። በመደበኛ ስልክ ከደወለ ማን ለማን፣ መቼ፣ ስንት ደቂቃ፣ በየትኛው ማማ በኩል እንደተደወለ ቴሌኮሙ ዘንድ ይመዘገባል። የተነጋገራችሁትን ማንም ባይሰማም መነጋገራችሁ ይታወቃል። የእናንተ ቁጥር «የደህንነት ሰው» ተብሎ የሚታወቅ ከሆነ ደግሞ መደወሉ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ትሩኮለርን የመሰሉ አፖች ቁጥራችሁን በምን ስም እንደሚያሳዩ አንድ ቀን ከሌላ ሰው ስልክ ላይ ፈልጉ፤ የሚያስደነግጥ ስም ልታገኙ ትችላላችሁ።

በጽሑፍ ሲመጣላችሁ የመጀመሪያ መልሳችሁ አጭርና አንድ ጥያቄ ብቻ ያለበት ይሁን፦ «ይህን ስልክ ሌላ ሰው ያየዋል?» መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ ወይም መልስ ካልመጣ፣ እዚያው ላይ አቁሙ። መመሪያ አትላኩ፣ ሊንክ አትላኩ፣ «ሲግናል ጫኚ» (ምስጢር የሚጠብቀውን የመልእክት አፕ) አትበሉ። ባሏ ወይም ጓደኛዋ በየዕለቱ ስልኳን የሚፈትሽባት ሴት ስልክ ላይ ትናንት ያልነበረ አፕ ዛሬ መታየቱ ራሱ ጠብ ያስነሳል። የእህት፣ የጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ስልክ ይሻላል። ከሁሉም የሚሻለው ፊት ለፊት መገናኘት ነው፤ ያውም እሷ በተለምዶ በምትሄድበት ቦታ፣ ጤና ጣቢያ ወይም የልጆች ትምህርት ቤት አካባቢ፣ ስልኳን ቤት ትታ በምትወጣበት ሰዓት። ስልኳን ሁልጊዜ የምትይዝ ከሆነች ግን ትታ መውጣቷም ያስጠረጥራል፤ ያኔ ይዛው ትምጣ፣ ውይይቱ ከስልኩ ራቅ ብሎ ይሁን።

ቀጥሎ የሚመጣው ውይይት ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። «ስልኬ ተጠልፏል» ለሚል ሰው የሚጠቅመው ጥያቄ «ማወቅ የማይገባውን ምን ነገር አወቀ?» የሚለው ነው። መልሱ መንገዱን ይጠቁማል። የት እንደዋለች ያውቃል፣ ምን እንደተናገረች ግን አያውቅም ከሆነ የሎኬሽን ነገር ነው፦ የጉግል ማፕ ማጋራት ወይም ቦርሳና መኪና ውስጥ የተደበቀ መከታተያ። የጻፈችውን ቃል በቃል ከደገመላት ቴሌግራሟ ወይም ዋትስአፗ ሌላ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቷል፣ አለዚያም ሰላይ አፕ አለ። ማን እንደደወለላት ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ማታ ማታ የጥሪ ዝርዝሯን እያየ፣ ወይም ከልጆቹ እየሰማ ይሆናል። ቴክኖሎጂ የሌለበትን መንገድ አትርሱ። የጎረቤት አፍ ከየትኛውም ሶፍትዌር ይፈጥናል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከባድ ነው፤ ግን ሳይጠየቅ ምንም አይነካም። «የማየት ዕድሉ ድንገት ቢቋረጥበት ምን ያደርጋል?» ከዚህ በፊት አንቆ ያውቃል? እገድልሻለሁ ብሏል? መሣሪያ ቤት አለ? ሴት ልጅ ልትለይ ስትነሳና በተለየች ሰሞን ያለው ጊዜ ከሁሉም የከፋ አደጋ ያለበት መሆኑን በዚህ ዘርፍ የሚሠሩ ሁሉ ያውቃሉ። የአንገት ማነቅ ታሪክ ካለ ጉዳዩ ከስልክ ባለሙያ በላይ ነው፤ መጠለያ፣ ሕግ ባለሙያና ሐኪም አብረው ካልገቡ ብቻችሁን አትቀጥሉ።

አሁን ስልኩን ማየት ይቻላል። ማየት ብቻ፣ ምንም ሳትቀይሩ። አንድሮይድ ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። ቴሌግራም ውስጥ ሴቲንግ፣ ከዚያ «ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቱ፤ እሷ የማታውቀው ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ካለ እዚያ ይታያል። ዋትስአፕ ላይ «ሊንክድ ዲቫይስስ»። ጉግል አካውንቷ የትኞቹ ስልኮች ላይ እንደገባ፣ የማገገሚያ ስልክና ኢሜይሉ የማን እንደሆነ። ጉግል ማፕ ላይ ሎኬሽን ማጋራት። ፕሌይ ስቶር ውስጥ ጎጂ አፕ የሚፈትሸው «ፕሌይ ፕሮቴክት» ጠፍቶ ከሆነ አንድ ሰው ሆን ብሎ አጥፍቶታል። ከዚያ ከፕሌይ ስቶር ውጭ አፕ እንዲጭን የተፈቀደለት፣ በ«አክሰሰቢሊቲ» በኩል ስክሪን እንዲያነብ የተፈቀደለት፣ ኖቲፊኬሽን የሚያነብ፣ የ«ዲቫይስ አድሚን» ሥልጣን ያለው አፕ ካለ እዩ። ሰላይ አፖች «ሲስተም ሰርቪስ» የሚመስል ስም ይዘው የሚደበቁት እነዚህ አራት ቦታዎች ላይ ነው። በመጨረሻ *#21# ደውሉ፤ ጥሪዋ ወደ ሌላ ቁጥር ዞሮ ከሆነ ያሳያል።

ያገኛችሁትን አታጥፉ። ቴሌግራም ላይ ባዕድ የሆነውን ስልክ ብታስወጡት ሰውየው ስልክ ላይ ወዲያው ይዘጋል። የጉግል ፓስዎርድ ብትቀይሩ ማስጠንቀቂያው ወደ ማገገሚያው ኢሜይል ይሄዳል፤ እሱም ብዙ ጊዜ የእሱ ነው። ሰላይ አፑን ብታጠፉት ይመጣለት የነበረው መረጃ ጸጥ ይላል፤ ጸጥታው ለእሱ መልእክት ነው። ስክሪንሾትም አታንሱ፦ ፎቶዎቿ ከጉግል ፎቶስ ጋር የተያያዙ ከሆኑ ምስሉ እሱ ስልክ ላይ ሊታይ ይችላል። በሌላ ስልክ ፎቶ አንሡት፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ። ለፖሊስና ለፍርድ ቤትም የሚጠቅመው ይህ ነው። ስለ መጠለያ ወይም ስለ ፍቺ በዚያ ስልክ ጉግል ላይ አትፈልግ፤ የፍለጋ ታሪኳም ከአካውንቷ ጋር ይጓዛል።

አንድ በቀላሉ የሚረሳ ነገር አለ፦ ሲም ካርዱ በማን ስም ነው የወጣው? በባሏ ስም ከሆነ መታወቂያውን ይዞ አገልግሎት ማዕከል ገብቶ ምትክ ሲም ማውጣት ይችላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ለቴሌግራም፣ ለጉግልና ለባንክ የሚላኩ የማረጋገጫ ቁጥሮች ሁሉ እሱ እጅ ይገባሉ። ስለዚህ የምትወጣበት ቀን ከመድረሱ በፊት በራሷ ስም የወጣ ሲም፣ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ተገናኝቶ የማያውቅ ሌላ ስልክ (ያገለገለ ቢሆንም ከታመነ ሰው የመጣና ከዜሮ የተጀመረ) እና አዲስ የጉግል አካውንት ተዘጋጅተው በሌላ ሰው እጅ ይጠብቋት። አሮጌው ስልክ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት እንደ ወትሮው ይሠራል። ደህና ቦታ ከደረሰች በኋላ መጀመሪያ ኢሜይሏ፣ ቀጥሎ ባንክና ቴሌብር፣ ከዚያ ቴሌግራምና ዋትስአፕ በአዲሱ ቁጥር ይቀየራሉ። ኢሜይሉ የሚቀድመው የሌሎቹ ሁሉ ቁልፍ በእሱ በኩል ስለሚታደስ ነው። ባንክ ላይ የኤስኤምኤስ ማሳወቂያ ወደ ማን ስልክ እንደሚሄድ ጠይቁ፤ የጋራ ሒሳብ ከሆነ ኤቲኤም የተጠቀመችበት ሰፈር ሊታወቅ ይችላል።

ቦርሳ፣ መኪና፣ የልጅ አሻንጉሊት ውስጥ የአፕልን ኤርታግ የመሰለ ትንሽ መከታተያ ከተገኘም ያው ነው። አይፎን ያለው ሰው ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ ከግንቦት 2016 ዓ.ም. ወዲህ አንድሮይድ 6 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ስልኮችም ያስጠነቅቃሉ። ባትሪው ክብ፣ ሲአር2032 የሚባለው ነው፤ ማውጣት ቀላል ነው። ግን ሲወጣ የመጨረሻው ቦታ እሱ ዘንድ ተመዝግቦ ይቀራል። መጠለያ ደጃፍ ላይ የተነቀለ ባትሪ መጠለያውን አጋልጧል። ፍተሻው መንገድ ከመጀመሩ በፊት፣ እሷ ወትሮም በምትገኝበት ቦታ መደረግ አለበት።

ጋዜጠኞችና የመብት ተሟጋቾች ጋር ስጋቱ ሌላ መልክ አለው፤ ቸኩሎ መንካት ያለው ጉዳት ግን አይለይም። ለኢትዮጵያውያን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ቤልጅየምና አሜሪካ ቨርጂኒያ የነበሩ የኢሳት ባልደረቦች በአንድ ቀን፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ በስካይፕ የተላኩ ፋይሎች ዒላማ ሆነዋል፤ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ሰላይ ሶፍትዌር መሆኑን አጋልጧል። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ደግሞ ያው ተቋም የእስራኤሉን ሳይበርቢት ሶፍትዌር በውጭ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ አገኘው፤ ማጥመጃው ቪዲዮ ለማየት የሚጠየቅ ሐሰተኛ የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ ነበር። ሁለቱም የሚሠሩት ሰው ጠቅ ሲያደርግ ነው።

አጠራጣሪ ፋይል የደረሰው ባለጉዳይ ብዙውን ጊዜ ፈርቶ ያጠፋዋል፣ ወይም «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ለአምስት ጓደኛ ያስተላልፈዋል። ሁለቱንም ከልክሉ። ኢሜይል ከሆነ ፎርዋርድ ሳይሆን ኦሪጅናሉ ሙሉ ከነራስጌው ይውረድ፤ ፎርዋርድ ሲደረግ የመጣበትን መንገድ የሚያሳየው መረጃ ይጠፋል። ስልኩንም ወደ ፋብሪካ ሁኔታ አትመልሱት፤ ባለጉዳዩ እፎይ ይላል፣ ማስረጃው ግን አብሮ ይሄዳል።

አይፎን ሲመረመር ባክአፑ (ኮምፒዩተር ላይ የሚቀመጠው የስልኩ መረጃ ቅጂ) በፓስዎርድ የተቆለፈ ይሁን፤ የተቆለፈው ካልተቆለፈው የበለጠ መረጃ ይይዛል፣ የጥሪና የሳፋሪ ታሪክ ጭምር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ኤምቪቲ የተባለው መመርመሪያ የሚያነበው ይህን ባክአፕ ነው። አሁን አስቡት፦ ያ ባክአፕ የጋዜጠኛው ምንጮች ስም፣ የቤተሰቡ ፎቶ፣ የሕመሙ ወረቀት ሁሉ ያለበት ነው። እናንተ ላፕቶፕ ላይ ከቀረ የሰውየው ሕይወት ቅጂ እናንተ ቤት አደረ። ስለዚህ ምርመራው በራሱ ባለጉዳዩ ላፕቶፕ ላይ፣ እሱ አጠገባችሁ ተቀምጦ ይሠራ፤ ባክአፑ እዚያው ይጥፋ፤ እናንተ ይዛችሁ የምትሄዱት የውጤቱን አጭር ጽሑፍ ብቻ ይሁን። የስልኩን የተሞላ መጠን ያህል ባዶ ቦታ ላፕቶፑ ላይ መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ግማሽ ላይ ቦታ አልቆ «በኔ ዲስክ እንሥራው» የሚባለው ያኔ ነው።

ከአፕል «ዒላማ ሆነሃል» የሚል ማስጠንቀቂያ የመጣለት ሰው ካለ እውነተኛነቱ የሚጣራው በራሱ የአፕል አካውንት ገጽ ላይ በመግባት ነው፤ እውነተኛው ማስጠንቀቂያ ሊንክ ጠቅ አድርግ ወይም አፕ ጫን አይልም። አይኦኤስ 16 እና ከዚያ በላይ ላይ ያለው «ሎክዳውን ሞድ» ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ነው የተሠራው፤ አብዛኛውን የመልእክት አባሪ ያግዳል፣ የሊንክ ቅድመ እይታን ያጠፋል፣ ከማያውቀው ሰው የሚመጣ ፌስታይምን ይከለክላል። የሚቀርበትን አስቀድማችሁ ንገሩት። ሳይነገረው ያበራ ሰው በሦስተኛው ቀን «ስልኬ ተበላሸ» ብሎ ያጠፋዋል።

ባለጉዳይ ብቻውን የሚኖር ሰው አይደለም። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ የኢትዮጵያን መንግሥት ፍርድ ቤት ሲከስ፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ከተሰረቀው ውስጥ የዘጠነኛ ክፍል ልጁ ለታሪክ የቤት ሥራ ያደረገው የኢንተርኔት ፍለጋ ይገኝበት ነበር። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ክሱን ባይቀበለውም፣ ከሳሹ ሀገር ቤት ያሉ ቤተሰቦቹን ለመጠበቅ «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም እንዲከራከር ተፈቅዶለታል። ጠበቆቹ ያደረጉትን እኛም በየዕለቱ ማድረግ አለብን፦ ሰውየውን ስትጠብቁ ደብረ ብርሃን ወይም ጎንደር ያለችውን እናቱንም ቁጠሯት።

አረብ ሀገር ቤት ሠራተኛ ሆና የምትሰቃይ እህት ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። እዚህ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እናንተ አትደውሉላት። ኢሞ ላይ ድንገት የሚጮኽ ጥሪ ስልኳን ሊያስነጥቃት ይችላል። እሷ በምትችልበት ሰዓት ትደውል፣ ስልኳ ቢወሰድባትም የምትደውልበትን አንድ ቁጥር በቃሏ ትያዝ፣ የፓስፖርቷ ፎቶ ሀገር ቤት ባለ ሰው እጅ ይኑር።

መስክ የሚወጣ ባለጉዳይ ካለ የመገናኛ ሰዓት ትቀጥራላችሁ፤ ለምሳሌ በየሦስት ሰዓቱ አንድ ቃል፣ ሠላሳ ደቂቃ ካለፈ ወደ መጀመሪያው ሰው ይደወላል፣ ሁለት ሰዓት ካለፈ ጠበቃው ይነገረዋል። እዚህ ላይ ሀገራችን የራሷ ችግር አለባት። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ከሦስት ሳምንት በላይ ተቋርጧል፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቷል። ሲግናል ላይ ብቻ የቆመ ዕቅድ እንዲህ ባለ ቀን በአንዴ አሥር ሰው «ጠፋ» ይላል፣ በእውነት የጠፋው ሰው ግን ከመካከላቸው አይለይም። ስለዚህ ለኤስኤምኤስና ለተራ ጥሪ የሚሆን፣ ሲነበብ ምንም የማይመስል ቃል ከመጀመሪያው ተስማሙ። ሌላ ደግሞ ተገድዶ ሲናገር የሚጠቀምበት ቃል ይኑር፤ በተለምዶ «ደህና ነኝ ጋሼ» የሚል ሰው «ደህና ነኝ ወንድሜ» ካለ በቂ ነው። ውስብስብ ኮድ በድንጋጤ ሰዓት አይታወስም።

የእናንተ ማስታወሻስ? ስም አይጻፍ። ለእያንዳንዱ ጉዳይ ተራ ቁጥር ስጡ፤ ቁጥሩን ከስሙ የሚያገናኘው ወረቀት ከላፕቶፑ ጋር አንድ ቤት አይደር። ላፕቶፑ ዊንዶውስ ከሆነ በቢትሎከር፣ ማክ ከሆነ በፋይልቮልት የተቆለፈ፣ ጉዞ ላይ ሙሉ በሙሉ የጠፋ ይሁን፤ ክዳኑን መክደን ማጥፋት አይደለም። ኬላ ከመድረሳችሁ በፊት ስልካችሁን አጥፉ፤ ተዘግቶ የተከፈተና ፓስዎርድ ገና ያልገባበት ስልክ ለመስበር ከሁሉም ይከብዳል፣ የጣት አሻራም አይቀበልም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ለተወሰነ ዓላማ ከሚያስፈልገው በላይ መረጃ እንዳይሰበሰብ ያዛል፤ ለዚህ ሥራ ግን ከሕጉም በፊት የሚያስገድደው የባለጉዳዩ ሕይወት ነው።

ጉዳዩ ሲዘጋ የማጥፋቱ ሥራ ይቀራል። ቀን ቁረጡለት፤ ሠላሳ ቀን ለአብዛኛው ይበቃል፣ ፍርድ ቤት ያለ ጉዳይ ካልሆነ። ፋይሉን ብቻ አይደለም የምታጠፉት፦ ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ የወረወራችሁት ፎቶ፣ ዋትስአፕ በራሱ ጊዜ ጋለሪ ውስጥ ያወረደው ምስል፣ የጉግል ፎቶስ ቅጂ፣ የፍላሹ፣ የኢሜይል አባሪው፣ ስልክ ማውጫችሁ ውስጥ «ሰናይት ጥቃት» ብላችሁ የመዘገባችሁት ስምም አለ። ስልክ ማውጫ ከጉግል አካውንት ጋር ስለሚመሳሰል ከኮምፒዩተርም ገብታችሁ ከቆሻሻ መጣያው ጭምር አጥፉት። ከዚያ ለባለጉዳዩ ምን እንዳጠፋችሁ፣ ምን እንዳስቀራችሁና የት እንዳለ በቃል ንገሩት።